ዘይት የሚያፈስ የሞተር ብስክሌት ሹካ፦ ኦይል ሲሉን በቤታችን እንዴት እንለውጣለን?

(በሬድዮ ከተሰጠ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ንግግር የተገለበጠ)

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ሬድዮኑ ቀረብ በሉ። ይህን ንግግር ታትሞ የምታነቡትም ብትሆኑ እርሳስ አይለያችሁ። ዛሬ የምንጽፈው ቁጥር አለ። ቁጥሩን በትክክል ያነበበና የጻፈ ሰው ገንዘቡን ያድናል፤ አንዳንዴም ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ያድናል።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። በየወረዳው የግብርና ሠራተኛው፣ የጤና ባለሙያው፣ መምህሩ፣ ነጋዴውም በሞተር ብስክሌት ይሄዳል። የመንገዳችንን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮረት አለ፤ ጭቃ አለ፤ በበጋ አቧራው ዐይን አያስገልጥም። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሚቀበለው የሞተሩ የፊት ሹካ ነው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ስመረቅ የጠመኔ አያያዝና የትምህርት አዘገጃጀት ተምሬ ነበር እንጂ የመፍቻ አያያዝ አልተማርኩም። ያስተማረኝ አንድ ቀን የደረሰብኝ ነገር ነው። እስቲ ከእሱ ልጀምር።

ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተዳብለን የገዛናት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበረችን። ከፊት በኩል በቀኙ እግር ላይ ዘይት ወዝቶ አየሁ። «ትንሽ ዘይት ነው፤ ምን ያመጣል?» ብዬ ተውኩት። ዘይቱ አቧራ እየያዘ ጠቆረ። እኔም በየሰንበቱ በጨርቅ እየጠረግሁ ሄድኩ። አንድ ቀን የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ይዤ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ስወርድ፣ አንዲት ልጅ ጀሪካን ተሸክማ መንገዱን ስታቋርጥ አየኋት። የፊቱን ፍሬን ያዝኩ። እጄ ያዘ፤ ጎማው ግን አልያዘም። ሳይታወቀኝ ዘይቱ በእግሩ ላይ ወርዶ፣ ወደ ፍሬኑ ገብቶ፣ ሸራውን አርሶት ኖሯል። ልጅቷን እንዳልገጫት መሪውን ጠምዝዤ ከነሞተሩ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ወረቀቱ በጭቃው ላይ ተበተነ፤ ጉልበቴ ተላጠ፤ ልጅቷም ደንግጣ ጀሪካኑን ጣለችው። ቀና ብዬ ሳያት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ትንሽ ዘይት ነው» ብዬ አላውቅም። እናንተም አትበሉ።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ። መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ።

የፊት ሹካ የምንለው ጎማውን ከግራና ከቀኝ የያዙትን ሁለት እግሮች ነው። ጋራዥ ውስጥ ሾክ አብዞርበር ይሉታል። እያንዳንዱ እግር ሁለት ክፍል አለው። ከላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ቱቦ አለ። ከታች ደግሞ ቱቦውን እንደ አፎት የሚያስገባ ወፍራም እግር አለ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሁለቱ ክፍሎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ይንሸራተታሉ። በውስጣቸው ሞላ አለ፤ ዘይትም አለ።

«ሞላው እያለ ዘይቱ ለምን አስፈለገ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞላ ብቻውን ቢሆን አንዴ ከተጫነ በኋላ ደጋግሞ ይዘላል፤ ሞተሩም እንደ ፍየል ግልገል ሲፈናጠር ይውላል። ዘይቱ ግን በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ተጨንቆ ስለሚያልፍ የሞላውን ዝላይ ያበርደዋል። መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ውኃ ሞልታችሁ ግፉት፤ ቶሎ አይወጣም፤ እጃችሁን ይታገለዋል። የሹካው ዘይትም እንደዚያው ነው። ቢ.ኤም.ደብልዩ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 አር 12 እና አር 17 በተባሉት ሞተሮቹ ላይ በዘይት የሚሠራ እንዲህ ያለ ሹካ አድርጎ ነበር። እስከ ዛሬም አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም።

አሁን ደግሞ አስቡ። ቱቦው ቀኑን ሙሉ ሲገባና ሲወጣ ይውላል፤ ዘይቱ ግን እንዳይወጣ መታገድ አለበት። ይህን የሚያደርገው በታችኛው እግር አፍ ላይ የተቀመጠ የጎማ ቀለበት ነው። ስሙ ኦይል ሲል ይባላል፤ የዘይት ማገጃ ማለት ነው። ውጭው ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ቱቦውን የሚስም ለስላሳ ከንፈር አለው። ከንፈሩን ከኋላው አንዲት ቀጭን የሽቦ ሞላ እንደ መቀነት ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ከኦይል ሲሉ በላይ ደግሞ የአቧራ መከላከያ ጎማ አለ። በሁለቱ መካከል፣ ኦይል ሲሉ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ የሚይዝ የሽቦ ቀለበት ተቀምጧል።

ኦይል ሲል ለምን ይበላሻል? አራት ምክንያቶችን እነግራችኋለሁ፤ ጻፉ።

አንደኛ፣ ዕድሜ ነው። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ፣ ቆሻሻ ነው። ጭቃ ቱቦው ላይ ደርቆ ከከንፈሩ ሥር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ዝገት ነው። ጠጠር ቱቦውን ሲመታው የሚያብረቀርቀው ልባስ ይነሣና ነጥብ የምታህል ጉድጓድ ይዝጋል። ያቺ ጉድጓድ ጫፏ እንደ ቢላ ነው፤ በተመላለሰች ቁጥር ከንፈሩን ትቆርጠዋለች።

አራተኛ፣ የቱቦ መጣመም ነው። ሞተሩ ወድቆ ወይም ተጋጭቶ ከሆነ ቱቦው ይጎብጣል፤ ከንፈሩም በአንድ በኩል ይከፈታል።

ሦስተኛዋን ምክንያት በደንብ ያዟት። እኔ በወደቅሁ ሰሞን ሞተሯን አንድ ጋራዥ ወስጄ ከፍዬ ኦይል ሲሏን አስለወጥኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ መልሳ አፈሰሰች። ተናድጄ ለአንድ ጎረቤቴ አጫወትኋቸው። ብዙ ዘመን የጭነት መኪና ያሽከረከሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ ጎማ ገብቶላት እንዴት ታፈሳለች?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና በጥፍራቸው ቱቦውን ከላይ ወደ ታች ፈተሹት። ጥፍራቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጭ አለ።

«መምህር» አሉኝ፤ «ጎማውን ለውጠህ ቢላዋውን ትተኸዋል።»

አያችሁ? ጋራዡ ጎማ ለወጠ እንጂ ጎማውን የቆረጠውን አልፈለገም። ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ጋር ሆነን በግቢያችን ፈትተን ሠራናት። የምነግራችሁም ያንን ነው።

ይህ ትምህርት ተራ ሹካ ላላቸው ሞተሮች ነው። እንደ ያማሃ ኤጂ 100፣ እንደ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ኤስ፣ እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉትን ማለቴ ነው። ቀጭኑ ቱቦ ወደ ታች፣ ወፍራሙ ወደ ላይ የተገለበጠባቸው ሹካዎች ግን ሌላ መሣሪያ ስለሚጠይቁ ለባለሙያ ተዉአቸው።

ከመፍታታችሁ በፊት እርግጠኛ ሁኑ። ሹካውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ቱቦውን የሚሸፍን የጎማ እጅጌ ካለው እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቡት፤ ከሥሩ ዘይት ደብቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ የፊት ፍሬን ይዛችሁ፣ አሥር ጊዜ ያህል ወደ ታች ተጫኑ። አሁን እዩ። ቱቦው ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ጥፋቱ የኦይል ሲሉ ነው። ዘይቱ የሚታየው ከእግሩ ታች ብቻ ከሆነ ግን ከማፍሰሻው ብሎን ወይም ከሥር ብሎኑ ሮንዴላ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቀላል ነው።

አንዳንዴም ኦይል ሲሉ ሳይቆረጥ ጭቃ ብቻ ከንፈሩን ከፍቶት ይገኛል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ይህን ሞክሩ። የአቧራ መከላከያውን ጎማ በቀስታ ወደ ላይ አንሡ። አሮጌ የፎቶግራፍ ወይም የራጅ ፊልም በመቀስ እንደ መንጠቆ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከከንፈሩ ሥር አስገብታችሁ ዙሪያውን ሳቡት፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ሁለትና ሦስት ጊዜ አድርጉት፤ ጠርጉና እንደገና ተጫኑ። ፈሰሱ ከቆመ ተገላገላችሁ፤ ገንዘባችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ቀረ። ካልቆመ መፍታት ነው።

የሚያስፈልጉንን ዕቃዎች ልዘርዝር። ለሞተሩ ብሎኖች የሚሆኑ መፍቻዎች፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የአለን መፍቻ፤ ካቻቢቴ፤ ፒንሳ፤ መዶሻ፤ ሞተሩን ከሥር የሚደግፍ ጠንካራ ሣጥን ወይም ግንድ፤ ንጹሕ ጨርቅ፤ ለማጠቢያ ትንሽ ነጭ ጋዝ፤ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፤ ፌስታል፤ የተለካ ሲሪንጅ ወይም የመድኃኒት መለኪያ፤ ቱቦው በውስጡ የሚያልፍበት የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ረዳት ያስፈልጋችኋል። ብቻችሁን አትጀምሩት።

አሁን ደብተራችሁን ክፈቱ፤ ቁጥሩ ላይ ደርሰናል።

በኦይል ሲል ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 31፣ 43፣ 10.3 የሚል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው፣ 31፣ የውስጡ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ይህም የቱቦው ውፍረት ማለት ነው። ሁለተኛው፣ 43፣ የውጭው ስፋት ነው። ሦስተኛው፣ 10.3፣ ከፍታው ነው። ሁሉም በሚሊ ሜትር ነው። ሚሊ ሜትር ማለት በማስመሪያችሁ ላይ ያሉት ትንንሾቹ መስመሮች ናቸው፤ አሥሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሞላሉ። ነጥብ 3 ደግሞ አንዱን ሚሊ ሜትር ለአሥር ብንከፍለው ሦስቱ እጅ ማለት ነው።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ «የሞተር ኦይል ሲል ስጠኝ» አትበሉ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ሂዱ፤ ባለሱቁ የሚሰጣችሁንም ራሳችሁ አንብቡ። በ31 ፈንታ 33 ቢሰጣችሁ ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ቱቦው ላይ ግን አይጠብቅም። ያልተነበበ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንዱ እግር ብቻ ቢያፈስም ሁለት ግዙ። ሌላውም በዚያው ዕድሜ ያረጀ ነውና ከሰሞኑ ይከተላል።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር ልበል። ለሹካ የሚሆን ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን፣ 10 ቁጥር የሚባለው ነው። እሱ ከጠፋ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሠራል። ወፍራም የሞተር ዘይት ግን አትጨምሩ፤ በደጋ ብርድ ጠዋት ሹካው እንደ እንጨት ይደርቅባችኋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ፈጽሞ አታድርጉ፤ የኦይል ሲሉን ጎማ አሳብጦ ያበላሸዋል።

በሉ እንግዲህ፤ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሙት። ሣጥኑን ከሞተሩ ሆድ ሥር አስገብታችሁ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡ። ረዳታችሁ ገፋ አድርጎ ይፈትሸው፤ ከወላወለ እንደገና አስተካክሉ። በላያችሁ ቢወድቅ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ የፍሬኑን ሽቦና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ሽቦ ከጎማው ላይ ፍቱ። የፔርኖውን ዳዶ ፈትታችሁ ፔርኖውን ሳቡና ጎማውን አውርዱ። ፍሬኑ የዲስክ ከሆነ መያዣውን ፈትታችሁ በሽቦ አንጠልጥሉት፤ በዘይት ቱቦው አይንጠልጠል፤ የፍሬኑንም እጀታ ማንም አይጨብጠው። ከዚያ ፓራፋንጎውን ፍቱ።

አሁን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እግሩን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገሮችን ላላ አድርጉ። የላይኛውን ማቀፊያ ብሎን አላሉና፣ እግሩ በታችኛው ማቀፊያ እንደተያዘ የቱቦውን ክዳን ግማሽ ዙር ብቻ አላሉት። እግሩን ካወጣችሁ በኋላ ከሆነ ቱቦው በእጃችሁ ላይ እየዞረ ያስቸግራችኋል። ቀጥሎ ረዳታችሁ የታችኛውን እግር ወደ ላይ ጫን አድርጎ ይያዝ፤ እናንተ ከእግሩ ሥር ያለውን የአለን ብሎን አላሉ። ረዳቱ የሚጫነው ሞላው የውስጡን ዘንግ ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝላችሁ ነው። አለዚያ ዘንጉ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞርና ሲዞር ይውላል እንጂ አይፈታም።

አሁን የታችኛውን ማቀፊያ አላሉና እግሩን እያዟዟራችሁ ወደ ታች ሳቡት። አንዱን እግር ሠርታችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትፍቱ። ዕቃው አይደባለቅባችሁም፤ ስትረሱም ያልተፈታው እግር ያስታውሳችኋል። መሬት ላይ ወረቀት ዘርጉና 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቁጥር ጻፉ፤ የፈታችሁትን ዕቃ በየተራው ከቁጥሩ ላይ አስቀምጡ። ስትገጥሙ ከመጨረሻው ቁጥር ወደ 1 መመለስ ነው።

ክዳኑን ስትፈቱ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ። ከሥሩ ሞላ ተጨንቆ አለ፤ ክዳኑ ድንገት ሊዘልና ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። በመዳፍ ጫን ብላችሁ በቀስታ ፍቱት። ሞላውን ስታወጡ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበረ ጻፉ። ዘይቱን በዕቃ ገልብጡ፤ ቱቦውን ደጋግማችሁ እየሳባችሁ አራግፉት። ያልፈሰሰው እግር ዘይት ምን ያህል እንደሆነ ለኩና ጻፉ፤ የሞተሩ መጽሐፍ ከሌላችሁ ይህ ልክ ይጠቅማችኋል።

የአቧራ መከላከያውን ጎማ አንሡ። የሽቦ ቀለበቱን በትንሽ ካቻቢቴ አውጡት። የሥሩን ብሎን ጨርሳችሁ ፍቱና ቱቦውን ከእግሩ ውስጥ ሳቡት። በአንዳንድ ሞተር ቱቦው በቀላሉ ይወጣል፤ ኦይል ሲሉ እግሩ ውስጥ ይቀራል። በሌላው ደግሞ ቱቦው ገታ ይላል፤ ያን ጊዜ ደጋግማችሁ ነጠቅ ነጠቅ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ኦይል ሲሉን ይዞት ይወጣል።

እግሩ ውስጥ ከቀረስ? በኃይል አትታገሉት። የፈላ ውኃ በእግሩ አፍ ዙሪያ ከውጭ አፍስሱበት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይሰፋል፤ ኦይል ሲሉም ይላላል። ከዚያ በእግሩ ጠርዝ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ወይም የእንጨት ስባሪ አድርጋችሁ በካቻቢቴ ፈንቅሉት። ጨርቁን የምናደርገው ጠርዙ እንዳይጎዳ ነው። ካቻቢቴው የኦይል ሲሉን መቀመጫ ከጫረው አዲሱም ሲያፈስ ይኖራል።

አሁን ሁሉንም በነጭ ጋዝ እጠቡና አድርቁ። ሲጋራም ሆነ እሳት አጠገባችሁ አይኑር።

ከዚህ ቀጥሎ ቢላዋውን እንፈልጋለን። ቱቦውን ዙሪያውን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ነገር ካለ በዘይት በረጠበ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዙሪያውን እያዞራችሁ፣ ጫፉ እስኪለሰልስ ድረስ አሹት። ከላይ ወደ ታች አትሹ፤ ጭረቱ ለዘይቱ መንገድ ይሆነዋል። ጉድጓዱ ጥልቅና ኦይል ሲሉ በሚመላለስበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ቱቦውን መለወጥ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለም። ቱቦውን በመስኮት መስታወት ላይ አንከባሉትና በሥሩ ብርሃን እዩ። ብርሃኑ በመካከሉ እያለ ከጠፋና ከበራ ቱቦው ጎብጧል። የጎበጠውን ቱቦ በመዶሻ አቃናለሁ አትበሉ፤ ባለሙያ ይየው።

አሁን መግጠም ነው። የውስጡን ዘንግ ወደ ቱቦው፣ ቱቦውን ወደ እግሩ መልሱ። በዘንጉ ጫፍ ላይ የነበረች ትንሽ ቁራጭ ካለች አትርሷት። ሞላውን ለጊዜው አስገቡ፤ ረዳታችሁ ይጫነው፤ የሥሩን ብሎን ከመዳብ ሮንዴላው ጋር አጥብቁ። አዲስ ሮንዴላ ካላገኛችሁ አሮጌውን በእሳት አግሉት፤ ፍም ሲመስል አውጥታችሁ አቀዝቅዙት። መዳብ እንዲህ ሲደረግ መልሶ ይለሰልሳል፤ ደኅና አድርጎም ይዘጋል። ከዚያ ሞላውን መልሳችሁ አውጡ።

አዲሱን ኦይል ሲል አንሡ፤ ቁጥሩን ካሮጌው ጋር አስተያዩ። ከንፈሩን ዘይት ቀቡት። የቱቦውን አፍ በፌስታል ሸፍኑና ፌስታሉንም ዘይት ቀቡት፤ የቱቦው ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው ነው። ቀጭኗ የሽቦ ሞላ የምትታይበት ወገን ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ይሁን። ጽሑፉ ያለበት ወገን ወደ ላይ፣ ወደ እናንተ ይሁን። ይህን ጻፉት፤ «ሞላው ወደ ዘይት፣ ጽሑፉ ወደ ዐይን።» ከተገለበጠ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያፈሳል።

ፌስታሉን አውጡ። አሮጌውን ኦይል ሲል በአንድ በኩል ቆርጣችሁ በአዲሱ ላይ እንደ ትራስ አድርጉት፤ የቆረጥነው ኋላ በቀላሉ እንዲወጣ ነው። የቧንቧውን ቁራጭ በቱቦው ላይ አልብሱና ዙሪያውን እያፈራረቃችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። በአንድ በኩል ብቻ ከመታችሁ ይጣመማል። የሽቦ ቀለበቱ የሚገባበት ጎድጎድ ያለ መስመር ዙሪያውን ሲታይ ደርሷል ማለት ነው። ትራሱን አውጡ፤ ቀለበቱን አስገቡ፤ በመስመሩ ውስጥ ዙሪያውን መግባቱን እዩ። የአቧራ መከላከያውንም ወደ ቦታው መልሱ።

ዘይቱን በሲሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ። ልኩ የሚገኘው ከሞተሩ መጽሐፍ ነው፤ ለትንንሽ ሞተሮች በአንድ እግር አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሊትር አይበልጥም። መጽሐፉ ከሌለ ካልፈሰሰው እግር የለካችሁት አለ፤ ከውስጡ ግድግዳ ላይ የሚቀር ዘይት ስላለ ትንሽ፣ 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ጨምሩበት። አየሩ እንዲወጣ ቱቦውን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡ። ከዚያ ሞላው ሳይገባ ቱቦውን እስከ ታች ወርዶ እንዲቆም አድርጉና ንጹሕ ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ዘይቱ ከአፉ በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዳለ ለኩ። ቁጥሩን ጻፉ። የሁለተኛውም እግር ልክ ያው መሆን አለበት። ግራና ቀኙ ከተለያየ ሞተሩ በመንገድ ላይ ይዋልላል።

ሞላውን አስገቡ፤ ክዳኑን ግጠሙ። እግሩን ወደ ማቀፊያዎቹ መልሱ፤ የሁለቱ ቱቦዎች ጫፍ እኩል ይሁን። መጀመሪያ የታችኛውን ማቀፊያ፣ ቀጥሎ ክዳኑን፣ በመጨረሻ የላይኛውን ማቀፊያ አጥብቁ። ከዚያ ሁለተኛውን እግር እንደዚሁ ሥሩ።

አሁን ጎማው ቀረ። ከመመለሱ በፊት የፍሬኑን ሸራ እዩ። ዘይት ከነካው ለውጡት። «አቃጥዬው፣ በቤንዚን አጥቤው» አይሠራም። ዘይቱ ወደ ውስጡ ጠልቆ ስለገባ ፍሬኑ ሲሞቅ መልሶ ይወጣል። የፍሬኑን ዱቄት በአፋችሁ አትንፉ፤ አሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ይገኛል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አሁን የምናገረውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። የታምቡር ፍሬን ባለበት ሞተር፣ በአንደኛው እግር ላይ ወደ ውስጥ የወጣ ጉጥ አለ። በፍሬኑ ሰሌዳ ላይ ደግሞ የጉጡ ማረፊያ አለ። ጎማውን ስትመልሱ ጉጡ ማረፊያው ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ፣ ፍሬን ስትይዙ ሰሌዳው ከጎማው ጋር ይዞራል፤ የፍሬን ሽቦው ይበጠሳል፤ ጎማውም ድንገት ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ እኔ የገባሁበት ቦይ እንኳ አይገኝም።

ፔርኖውን አስገቡ፤ ዳዶውን አጥብቁ። ፔርኖውን በእግሩ ጫፍ ላይ የሚጨብጡትን ትንንሽ ብሎኖች ከማጥበቃችሁ በፊት ግን ሞተሩን ከሣጥኑ አውርዳችሁ ሹካውን ጥቂት ጊዜ ተጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች መስመራቸውን ይይዛሉ። ከዚያ አጥብቁ። የፍሬኑን ሽቦ መልሱና አስተካክሉ። ጎማው በነጻ ይዞር፤ ፍሬኑም ሲያዝ ይቁም። መጀመሪያ በግቢ ውስጥ፣ በዝግታ ሞክሩት። በማግስቱ ቱቦውን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ደረቅ ከሆነ እንኳን ደስ ያላችሁ።

አሮጌውን ዘይት ወንዝ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አትድፉ። ከታች የሚጠጣ ሰው፣ የሚጠጣም ከብት አለ። በጀሪካን አጠራቅማችሁ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።

ሹካው ደግሞ እንዲቆይላችሁ ከጭቃ መንገድ በተመለሳችሁ ቁጥር ጭቃው ሳይደርቅ ቱቦውን እጠቡ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. በኦይል ሲል ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች የምን ልክ ናቸው?
2. አዲስ ኦይል ሲል ገብቶ ቶሎ ካፈሰሰ ምን ምን እንጠረጥራለን?
3. የኦይል ሲሉ የሽቦ ሞላ ወዴት ይዙር?
4. ዘይት የነካውን የፍሬን ሸራ አጥቦ መመለስ ለምን አይበቃም?
5. ጎማውን ስንመልስ በየትኛው ነገር ላይ ሁለት ጊዜ እናያለን?

ለጽሕፈት የሚሆኑ ቃላት፦ ሹካ፣ ቱቦ፣ ሞላ፣ ከንፈር፣ ሮንዴላ፣ ማቀፊያ፣ ሚሊ ሜትር። አምስት አምስት ጊዜ ጻፏቸው። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው ጎረቤቱ ያንብብለት።

ያቺ ተማሪዬ ምን ሆነች የምትሉ ትኖራላችሁ። ደኅና ናት። ጀሪካኑን ገዝቼ ተካሁላት። ቁልቁለቱን ስወርድ ባገኘችኝ ቁጥር ግን ቆም ብላ መጀመሪያ የፊት ጎማዬን፣ ቀጥላ እኔን ታያለች። አልፈርድባትም። እኔም ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ለዛሬው እዚህ ላይ ይብቃን።